በብርሃን ክር ስለሚሠራው የስልክ መሣሪያና ስለ ሠራተኛው እጅ

ሰው ጤነኛ ሆኖ በሚኖርበት ጊዜ ስለ ልቡ ትርታ እንደማያስብ ሁሉ፥ ስልክም ሳይቋረጥ በሚሠራበት ጊዜ ስለ መሥመሩና ስለ መሣሪያው የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። ነገር ግን ትርታው ሲደክም ሰው ሁሉ እንደሚደነግጥ፥ የስልኩም መሥመር አንድ ሰዓት ብቻ ዝም ሲል የሕዝብ ኑሮ በምን ላይ እንደ ቆመ ያን ጊዜ ይታወቃል።

ለዚህ ነገር በአዲስ አበባ ከተማ፥ በልደታ ክፍለ ከተማ ያለውን ጌጃ ሰፈርን ለምሳሌ መመልከት ይበቃል። በዚህ ሰፈር የሚኖር ሰው ማለዳ ተነሥቶ ወደ ሥራው ከመሄዱ በፊት በገጠር ያለችውን እናቱን በስልክ እንደምን አደርሽ ይላታል፤ ባለ ሱቁ የሸጠውን የዘይትና የስኳር ዋጋ በስልክ ይቀበላል፤ ተማሪው ለትምህርቱ የሚያስፈልገውን ጽሑፍ ከኢንተርኔት ይፈልጋል፤ በሌሊት ምጥ የያዛት ሴት ያለችበት ቤት በቀይ መስቀል ቍጥር በ907 አምቡላንስ የሚጠራው በዚሁ በስልክ ነው። ቴሌብር የተባለው ገንዘብ በስልክ የማስተላለፍ አገልግሎት ከግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህም፥ በኪሱ ብር ሳይዝ ለገበያ የሚወጣ ሰው በዝቷል። እንግዲህ መሥመሩ ሲቋረጥ የሚቋረጠው ጨዋታና ወሬ ብቻ አይደለም፤ የዕለት እንጀራም፥ አንዳንድ ጊዜም የሰው ሕይወት አብሮ ይቋረጣል ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ጭነት የሚሸከመው ምንድን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፥ መልሱ ከራስ ጠጕር ብዙም የማይወፍር የመስተዋት ክር ነው። ሠራተኞቹ ፋይበር ብለው የሚጠሩት ይህ ክር ወርዱ በጠቅላላው የሚሊ ሜትር አንድ ስምንተኛ ያህል ሲሆን፥ ብርሃኑ የሚጓዝበት የመካከሉ ልብ ግን ከዚያም የቀጠነ ነው፤ ይኸውም አንድ ሚሊ ሜትር ወደ ሺሕ ቢከፈል ከሺሑ ዘጠኙን ያህል ብቻ ይሆናል። በዚህች ቀጭን መንገድ ብርሃን በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል።

ስልክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት በ1887 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፥ ሐረርን ከአዲስ አበባ ጋራ ያገናኘው ረዥም መሥመር 477 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። በዚያ ዘመን የሰውን ድምፅ የሚሸከመው በእንጨት ምሰሶ ላይ የተዘረጋ ሽቦ ነበርና፥ የመሥመር ሠራተኛው ዋና ተግባር የወደቀውን ምሰሶ ማንሣትና የተበጠሰውን ሽቦ መቀጠል ነበር። በ1945 ዓ.ም. የቴሌኮሙኒኬሽን ሥራ ራሱን በቻለ ቦርድ እንዲተዳደር ተደረገ፤ በኋላም ድርጅቱ ስሙንና አቋሙን ብዙ ጊዜ ለውጦ ከኅዳር 20 ቀን 2003 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮ ቴሌኮም ተባለ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ደግሞ መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. አገልግሎቱን በይፋ ሲጀምር፥ አንድ ብቻ የነበረው አገልግሎት ሰጪ ሁለት ሆነ። ስሙና ባለቤቱ ይለዋወጥ እንጂ፥ ዛሬ ከከተማ ወደ ከተማ፥ ከኢትዮጵያም በጎረቤት አገሮች በኩል አልፎ እስከ ባሕር ማዶ ድረስ አብዛኛውን መልእክት የሚያደርሰው ይኸው የመስተዋት ክር ነው።

መስተዋት ለዚህ ሥራ እንዲበቃ ያደረጉት ሊቃውንት ታሪክም ሊታወቅ የሚገባው ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1966 ዓመት አስቀድሞ የነበረው መስተዋት ለዓይን የጠራ ይምሰል እንጂ፥ ውስጡ እድፍ የሞላበት ስለ ነበረ፥ የገባበት ብርሃን ሃያ ሜትር ያህል እንኳ ሳይሄድ ከመቶ አንድ እጁ ብቻ ይቀር ነበር። በዚያ ዓመት ቻርልስ ካኦ የተባሉት በእንግሊዝ አገር ይሠሩ የነበሩ መሐንዲስ፥ ጥፋቱ የመስተዋቱ ተፈጥሮ ሳይሆን የእድፉ መሆኑን ከባልደረባቸው ጋራ ጽፈው አስረዱ፤ ከአንድ ኪሎ ሜትር በኋላ ከመቶው የብርሃን እጅ አንዱ እንኳ ቢተርፍ ለስልክ እንደሚበቃም አመለከቱ። በ1970 ኮርኒንግ በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚሠሩ ሦስት ሊቃውንት ይህን ልክ የሚያልፍ ክር ሠርተው አሳዩ። ዛሬ በሚሠራው ክር ብርሃኑ ወደ መቶኛ እጁ የሚወርደው ከ100 ኪሎ ሜትር ጕዞ በኋላ ነው። ካኦም በዚህ ሥራቸው በ2009 የኖቤልን የፊዚክስ ሽልማት ተካፈሉ።

ይሁን እንጂ ክሩ ብቻውን አይናገርም። በሁለቱ ጫፎች የሰውን ቃልና የጽሑፉን ምልክት ወደ ብርሃን የሚለውጥ፥ የመጣውንም ብርሃን ወደ ቃልና ወደ ጽሑፍ የሚመልስ መሣሪያ ያስፈልጋል። ይህ መሣሪያ ራክ በተባለው የብረት መደርደሪያ ላይ የሚቆም ሣጥን ሲሆን፥ በውስጡ መጻሕፍት በመደርደሪያ ላይ እንደሚሰደሩ ካርዶች ጎን ለጎን ተሰድረውበታል። አንዱ ካርድ ብርሃኑን ይልካል፥ ይቀበላልም፤ ሌላው መልእክቱን በየመንገዱ ያከፋፍላል፤ ሌላው ሣጥኑን በሙሉ ይቈጣጠራል፤ ሌላው የኤሌክትሪክ ኀይል ይሰጣል፤ ማራገቢያዎቹም ሙቀቱን ያስወጣሉ። በአንድ ክር ውስጥ እስከ ሰማንያና ከዚያም በላይ የሚደርሱ ልዩ ልዩ የብርሃን ቀለሞች ሳይደባለቁ አብረው ሊጓዙ ይችላሉ፤ እያንዳንዱም ቀለም በአንድ ሴኮንድ 100 ቢሊዮን ምልክትና ከዚያም የሚበልጥ ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ አንድ ሠራተኛ በሁለት ጣቱ የሚይዛት አንዲት ክር የብዙ ሰፈሮችን ሕዝብ ንግግር ይዛ ልትገኝ ትችላለች።

እነዚህ ካርዶች የሰው እጅ ሥራ ናቸውና ያረጃሉ፤ ይቃጠላሉ፤ በሚበልጥና በሚፈጥንም ይተካሉ። መሣሪያውን የሠሩ ሰዎች ይህን አስቀድመው ስላሰቡ፥ ሣጥኑ ሥራውን ሳያቆም አንዱ ካርድ ወጥቶ ሌላው እንዲገባ አድርገውታል። ለታላቁም ሥራ ሁለት ሁለት ካርድ መድበዋል፤ አንዱ ሲሠራ ሁለተኛው ተጠባባቂ ሆኖ ይቆያል። የሚሠራው ሲወድቅ ተጠባባቂው በሴኮንድ አንድ ሃያኛ ውስጥ ይተካዋልና፥ በስልክ የሚነጋገሩት ሰዎች መለወጡን እንኳ አያውቁትም።

አደጋው የሚመጣው ግን ከዚህ በኋላ ነው። አንደኛው ካርድ በወደቀበት ጊዜ ሥራው ሁሉ በቀረው በአንዱ ላይ ይወድቃል። ሁለቱ ካርዶች በመልክ አንድ ናቸው፤ ጎን ለጎንም ተቀምጠዋል። አሁን በሌሊት፥ ከሌሊቱ በስምንት ሰዓት፥ እንቅልፍ ያሸነፈው አንድ ሠራተኛ የወደቀውን ካርድ አወጣሁ ብሎ ጤነኛውን ቢስብ ምን ይሆናል? በዚያች ሰዓት በጌጃ ሰፈር ምጥ የያዛት ሴት ቢኖር፥ ባልዋም ስልኩን አንሥቶ 907 ቢደውል፥ ከጆሮው የሚደርሰው ዝምታ ብቻ ነው። ባልየው ያንን ዝምታ ከማን እንደ መጣ አያውቅም፤ ሠራተኛውም ከዝምታው በስተኋላ ማን እንዳለ አያይም። ሁለቱን የሚያገናኛቸው የአንድ እጅ ስሕተት ብቻ ነው።

ስለዚህ የዚህ ሥራ መጀመሪያው ሕግ እጅን ከመዘርጋት በፊት ማንበብ ነው። ሠራተኛው የማስጠንቀቂያውን መብራትና በመቈጣጠሪያው ላይ የተጻፈውን የብልሽት ቃል ያነባል፤ ብልሽቱ በእውነት የካርዱ መሆኑን፥ የክሩ ወይም የክሩ ጫፍ እድፍ አለመሆኑን ይመረምራል። ለክር ብልሽት ካርድ መለወጥ፥ ጥርሱን ላመመው ሰው ጆሮውን እንደ ማከም ነው። ቀጥሎም የካርዱን ስምና ቍጥር፥ ያለበትን ስፍራ በጽሑፍ ይይዛል፤ አዲሱ ካርድ ከአሮጌው ጋራ በዐይነት መስማማቱን ያረጋግጣል፤ የመሣሪያውን የአሠራር ትእዛዝ ግልባጭ በሌላ ስፍራ ያስቀምጣል፤ ፈቃድ ይቀበላል፤ በሌላው ጫፍ ላለው ባልደረባውም ያስታውቃል። መልእክቱ ሁሉ ወደ ተጠባባቂው መንገድ ማለፉን በዓይኑ ሳያይ አንዲት ብሎን እንኳ አይፈታም።

ሁለተኛው ሕግ ስለማይታየው ኤሌክትሪክ የተሠራ ነው። የሰው ገላ በመራመድና በልብስ መፋተግ ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል፤ ይህም አየሩ በሚደርቅበት በበጋ ወራት ይብሳል። ሰው ይህን ኤሌክትሪክ በጣቱ ላይ ሲፈነጥቅ የሚሰማው ወደ 3,000 ቮልት ገደማ ሲደርስ ነው፤ በካርዱ ላይ ካሉት ጥቃቅን ዕቃዎች አንዳንዶቹ ግን በ100 ቮልትና ከዚያም ባነሰ ይጐዳሉ። እንዲህ የተጐዳ ካርድ ሁልጊዜ ወዲያው አይሞትም፤ ለጥቂት ሳምንታት እየሠራ ቆይቶ ማንም ባላሰበው ቀን ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ሠራተኛው ከመሬት ጋራ በተያያዘው ብረት ላይ የታሰረ ማሰሪያ በእጁ አንጓ ላይ ያጠልቃል፤ በማሰሪያውም ውስጥ ለራሱ ደኅንነት አንድ ሚሊዮን ኦም የሚሆን መከላከያ ተጨምሮበታል። ካርዱንም በዳርና ዳሩ ብቻ ይይዛል፤ እስኪያስገባውም ድረስ ኤሌክትሪክን ከሚከላከለው ከረጢቱ አያወጣውም።

ሦስተኛው ሕግ ስለ ዓይን ነው። በስልክ ክር ውስጥ የሚጓዘው ብርሃን ለሰው ዓይን አይታይም፤ ሆኖም አለመታየቱ ጕዳቱን አያስቀርም፤ እንዲያውም ያብሰዋል። የሚታይ ኀይለኛ ብርሃን ሲመጣ ሰው ዓይኑን ይጨፍናል፤ ከማይታየው ግን የሚያስጨፍነው ነገር የለም። ስለዚህ የክሩን ጫፍ ብርሃን አለው ወይስ የለውም ብሎ ወደ ዓይን ማቅረብ እጅግ የተከለከለ ነው። የብርሃኑ መኖርና ልክ በመለኪያ ይታወቃል፤ ልኩ ከበዛም የተቀባዩ ዓይነ ብርሃን እንዳይቃጠል በመካከሉ ማድከሚያ ይገባበታል። የላኪው ብርሃን ከጠፋ በኋላ ክሩ ሲነቀል፥ ጫፉና የካርዱ ቀዳዳ ሁለቱም ወዲያው ክዳናቸውን ሊለብሱ ይገባል። ከላይ እንደተነገረው የብርሃኑ መንገድ ከሚሊ ሜትር ሺሕኛው ዘጠኝ እጅ ብቻ ነውና፥ ዓይን የማያየው አንድ ቅንጣት አቧራ በደጁ ላይ እንደ ተንከባለለ ቋጥኝ ሆኖ ይዘጋዋል። በዚህም ምክንያት ጫፉ ሳይጠረግና በማጉያ መነጽር ሳይታይ ተመልሶ አይሰካም። ክሩንም እንደ ገመድ አጥፎ መጠቅለል አይገባም፤ ከልኩ በላይ ሲታጠፍ ብርሃኑ ከመንገዱ ወጥቶ ይፈስሳልና።

አራተኛው ሕግ ስለ ጕልበት ነው፤ ይኸውም በዚህ ሥራ ጕልበት ጠላት መሆኑ ነው። ብሎኖቹ ከተፈቱ በኋላ በካርዱ ሁለት ጫፍ ያሉት መሳቢያ እጀታዎች እኩል ይከፈታሉ፤ ካርዱም ሳይዛባ ቀጥ ብሎ ይወጣል። አዲሱ ሲገባ ሐዲዱን ተከትሎ በእርጋታ ይገፋል። በሣጥኑ የኋላ ግድግዳ ላይ ካርዱን የሚቀበሉ እንደ መርፌ የቀጠኑ የብረት እሾሆች አሉ። ካርዱ እንቢ ሲል አውጥቶ መመልከት እንጂ በኀይል መግፋት አይገባም፤ አንዲት እሾህ ብትታጠፍ የሚለወጠው ካርዱ ሳይሆን ሣጥኑ በሙሉ ሊሆን ይችላልና። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለው የአባቶች ምሳሌ ለዚህ ሥራ እንደ ተነገረ ያህል ነው። ካርድ የማይገባበትም ባዶ ስፍራ በመሸፈኛ ይዘጋል፤ ክፍት ከተተወ የማራገቢያው ነፋስ በዚያ ያመልጥና ሌሎቹ ካርዶች ይግላሉ።

የኀይል ካርድ ሲለወጥ ደግሞ ጥንቃቄው ይጨምራል። የስልክ መሣሪያ የሚሠራው ከባትሪ በሚመጣ ነጌቲቭ 48 ቮልት ነው፤ ፖዘቲቩ ጫፍ ከመሬት ጋራ የታሰረውም በእርጥበት ምክንያት ብረቱ ተበልቶ እንዳያልቅ ተብሎ የቆየ ልማድ ነው። ኀይሉ በሁለት መንገድ ስለሚመጣ አንዱ ተዘግቶ በሁለተኛው ሊሠራ ይችላል፤ ነገር ግን ሠራተኛው መዘጋቱን በመለኪያ ሳያረጋግጥ፥ ቀለበቱንና የእጅ ሰዓቱን ሳያወልቅ ሊነካው አይገባም። ቮልቱ ዝቅተኛ መስሎት የሚንቅ ሰው፥ ከባትሪው የሚወርደው ብዙ ኀይል በአንዲት ቀለበት ላይ ሲያልፍ ብረቱን ሊያቀልጥና ሥጋን ሊያቃጥል እንደሚችል ሊያውቅ ይገባዋል።

ካርዱ ከገባና መብራቱ የደኅንነት ምልክት ካሳየ በኋላ ሥራው ያለቀ የሚመስለው ብዙ ነው፤ አላለቀም። የብርሃኑ ልክ ይለካል፤ ከቀድሞውም ጋራ ይነጻጸራል፤ መልእክቱ ወደ ቀድሞ መንገዱ ይመለሳል፤ ሠራተኛውም ሳይሄድ ቆሞ ይጠብቃል። በመጨረሻ የተሠራው ሁሉ፥ ስሕተትም ካለ ስሕተቱ፥ በመዝገብ ይጻፋል።

በዚህ በመጨረሻው ነገር ላይ ሹማምንትም ሠራተኞችም ሊያስቡበት የሚገባ ቁም ነገር አለ። ማንም ሰው ይሳሳታል፤ መሣሪያው ሁለት ሁለት ሆኖ የተሠራውም ይህ ስለ ታወቀ ነው። ነገር ግን ስሕተቱን የጻፈ ሠራተኛ እንደ ወንጀለኛ ከተቈጠረ፥ በማግሥቱ የሚመጣው ባልደረባው መደበቅን ይማራል። የተደበቀ ስሕተት ደግሞ በኤሌክትሪክ እንደ ተጐዳው ካርድ ነው፤ ደኅና መስሎ ይቆይና በክፉ ቀን ይወድቃል። በቸልተኝነት የሚያጠፋና በቅንነት ተሳስቶ የሚናገር ሰው በአንድ ሚዛን ሊመዘኑ አይገባም። እንዲሁም ሥራውን በአንድ ሰዓት ጨርስ ብሎ የሚያስቸኵል አለቃ፥ ከቸኰለው እጅ ጋራ የጥፋቱ ተካፋይ ነው።

ሌላው የሚያስፈልገው መለዋወጫ ነው። ተጠባባቂው ካርድ ብቻውን የሚሠራበት ጊዜ በረዘመ ቍጥር አደጋው ይጨምራል። ካርዱ ከባሕር ማዶ እስኪመጣ ወራት የሚጠበቅ ከሆነ ሁለት አድርጎ መሥራቱ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ መለዋወጫን በመጋዘን አስቀድሞ ማኖር የገንዘብ ብክነት ሳይሆን፥ ለክረምት እህል እንደ ማኖር ያለ ብልኅነት ነው። ከዚህም ጋራ የተበላሸውን ካርድ በአገር ውስጥ መርምረው የሚጠግኑ ወጣቶችን ማስተማር ይገባል። መሣሪያ በገንዘብ ይገዛል፤ የለመደ እጅና የረጋ ልብ ግን በትምህርትና በጊዜ ካልሆነ በምንም አይገዛም።

ሕዝቡም ከዚህ ሥራ ድርሻ አለው። በልደታ ክፍለ ከተማ ባለፉት ዓመታት የቆዩ ቤቶች እየተነሡ ፎቆች ተሠርተዋል፤ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮም የከተማው ቀላል ባቡር በልደታ በኩል ያልፋል። ግንባታ ባለበት ቁፋሮ አለ፤ ቁፋሮ ባለበትም ከመሬት በታች የተቀበረው ክር በአንድ የዶማ ምት ወይም በመኪና አካፋ ሊቈረጥ ይችላል። በቤቱ አጠገብ የሚያስቆፍር ሰው አስቀድሞ ቢጠይቅና ቢያስታውቅ፥ የጎረቤቶቹን ሁሉ ሥራ ከመቋረጥ ያድናል።

በጌጃ ሰፈር መብራቱ ጠፍቶ ሰው ሁሉ በተኛበት ሌሊት፥ በአንድ መሣሪያ ክፍል ውስጥ ማሰሪያውን በእጁ አንጓ ላይ ያጠለቀ ሠራተኛ የካርዱን ቍጥር ሁለት ጊዜ ያነብባል፤ ከመሳቡም በፊት ለሦስተኛ ጊዜ ይመለከታል። ሥራው ባማረለት ጊዜ ማንም አያመሰግነውም፤ የተለወጠ ነገር መኖሩን የሚያውቅ የለምና። ነገር ግን በዚያች ሌሊት 907 የደወለው ባል የሰማው ዝምታ ሳይሆን የሰው ድምፅ ከሆነ፥ ያ ድምፅ ለሠራተኛው ከምስጋና ሁሉ የሚበልጥ ዋጋው ነው።